የቮልሷ ነገር

ከዶሮ ማነቂያ ቁልቁል፣ ከሥጋ ቤቶቹ ጀርባ፣
ሰው በጎኑ የሚያልፍባት፣ ሁለት ሰው የማታስገባ
አንዲት ቅያስ ነበረች።
ስም አልነበራትም፤ ፖስተኛም አያውቃት፤
ነሐሴ ሲገባ ጎርፍ ነው የሚጠይቃት።

እዚያ ነበር የይርዳው ቤት፤ የቀበሌ ቤት ቆጥ፣
ቀና ሲሉ ቆርቆሮ፣ ጎንበስ ሲሉ አይጥ።
ምሳው አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ አንድ ጣሳ ውሃ፣
ራቱ የምሳው ትዝታ፤
ታዲያ ከነቆጡ ከነጣሳው፣ ልጁ ምን ጊዜም ሳቂታ።

እኔ መምህሩ ነበርኩ። ስድስት ኪሎ፣ ክፍል አሥራ ሁለት፣
«የሩቅ ምሥራቅ ጥበብ» የሚባል፣ ሰው የሸሸው ትምህርት።
ከጠፋ ሰባት ልጅ ይመዘገባል፣ ከበዛ ዘጠኝ፤
ሌሎቹ ይከራከራሉ፣ ይርዳው አይጠይቀኝ።
ዓመት ሙሉ ዝም።
ደደብ መስሎኝ ነበር፤ ይኼ አይካድም።

በኋላ ነው ያየሁት፤ አራት ኪሎ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣
ረዳቱ ሲሰድበው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ያለ ጉዳይ።
ይርዳው ወረደ። ጫማው ጭቃ።
ሊስትሮው ደግሞ ሳያስበው ካልሲውን ቀለም ሲያስነካ
ጠበቅኩ፤ አሁን ይጮኻል አልኩ። እኛ እንዲያ ነን፤
ከላይ የወረደብንን ወደ ታች እናወርዳለን።
እሱ ግን ከረዳቱ የተቀበላትን ስድብ
ለሊስትሮው አላቀበለም።
እዚያው ውስጡ ቀበራት፤ መቃብሯም አልታየም።

ያን ቀን ገባኝ፤
እኔ ያወራሁትን ሁሉ ለካ እሱ እየኖረው ነው።

ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በቻይና ምድር፣
ያን ሁይ የሚባል ደቀ መዝሙር ነበር፤
በጠባብ ቅያስ፣ በአንድ ቅል ውሃ የሚያድር፣
እሱም ዝምተኛው፣ እሱም ሳቂታው፣
እሱም በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ራሱን ሽበት የመታው።
ሲሞት መምህሩ አለቀሰ፤ ለቅሶው ልክ አጣ አሉ።
ግን የልጁ አባት መጥቶ
«ሠረገላህን ሽጥና ለሬሳ ሣጥኑ መድረቢያ ግዛለት» ቢለው፣
እምቢ አለ።
በእኔ ማዕረግ በእግር አይኬድም ብሎ።

ይህን ሳስተምር ይርዳው ፈገግ አለ።
አልጠየቀም።

በኅዳር ሞተ። ሳንባው ነው አሉ።
አባቱ፣ ሰዓት ሠሪው አቶ ደርበው፣ ቤቴ መጡ፤
ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ፤ አልተቀመጡ።
«መምህር፣ ዕድሩ ይቀብረዋል። ድንጋይ ግን የለውም።
ይችን ቮልስ ቢሸጧት…» አሉና ቃሉን አልጨረሱም።

ቮልሷ በር ላይ ናት፤ ሰማያዊ፣ የስልሳ ሰባት ሞዴል፣
በሯ በገመድ የታሠረ፣ ተገፍታ የምትነሣ።
እኔ ምን አልኩ?
ጉልበቴን አመካኘሁ። ዳገቱን አመካኘሁ።
በልቤ ደግሞ ያንን የቻይና መምህር
ጋሻ አድርጌ ተከለልኩ፤
እሱም እምቢ ብሎ የለ?
ሰውየው ያለቀሰውን ሳላለቅስ
እምቢታውን ብቻ ወረስኩ።

ልጆቹ አዋጡ፤ ድንጋዩን አቆሙለት።
እኔ ዘንድ ብር ሊጠይቅ የመጣ የለም።

ዛሬ ቅያሷ የለችም። አስፋልት ሆናለች፤
ሁለት ሰው የማታስገባዋ ስምንት መኪና ታሳልፋለች።
ቆጡ የቱ ጋ ነበር? ከሥጋ ቤቱ በእርምጃ ልለካ አልኩ፣
ሥጋ ቤቱም የለም።
በገመትኩት ቦታ ቮልሷን አቁሜ፣
ሞተሯን አጥፍቼ ተቀመጥኩ።

ትራፊክ መጣ፤ ልጅ ነው። መስታወቱን አንኳኳ።
«አባት፣ እዚህ ማቆም ክልክል ነው። ማንን ይጠብቃሉ?»
ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።
ቁልፉን አዞርኩ። ቮልሷ እምቢ አለች።
ደግሜ አዞርኩ። እምቢ።
ወርጄ መግፋት ጀመርኩ፣ በእግሬ፣ በዚህ ጉልበቴ፤
ልጁም የቅጣት ደብተሩን ኪሱ ከቶ፣
ቃል ሳይናገር፣
ከኋላ መጥቶ ገፋ።